ራሷን ነው የሚያማት

አባቴ ደግሰው ላሊበላ ውስጥ በአስጎብኚነት ሲሠራ ብዙ ዓይነት ፈረንጅ ችሏል። ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ቆሞ እንደ ሕፃን የሚንሰቀሰቅ ችሏል። ቁንጫ በላኝ ብሎ ቅዳሴ መሀል ሱሪውን ሊያወልቅ የሚታገል ችሏል። እነዚህን ቤተ ክርስቲያኖች በእርግጥ እናንተ ናችሁ ወይ የሠራችኋቸው እያለ አሥር ጊዜ የሚጠይቀውን እንኳ ጥርሱን ነክሶ ችሏል። እንደ ኤልደርና እንደ ሲስተር ያማረረው ግን የለም። ከሥራ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ መደቡ ላይ ይዘረጋና “ዛሬም አስቆሙን” ይላል። እናቴ “ስንት ጊዜ?” ትለዋለች። በጣቱ ይቆጥርላታል።

ጊዜው 2004 ዓ.ም. ጥር ነው። ጥምቀት አልፎ ትምህርት ቤት ለመንፈቅ ዓመቱ ተዘግቷል። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ አሰለች ወንድሜን ከተገላገለች ገና ሁለት ሳምንቷ ስለሆነ ቤቱ በጠያቂ ሴቶች ተሞልቶ፣ እኔ “ፍሬ፣ ከዚህ ተነሺ፤ ፍሬ፣ ወደዚያ ውጪ” ስባል ነበር የምውለው።

ሁለቱ ሽማግሎች ከአሜሪካ የመጡ ባልና ሚስት ናቸው። ከገነተ ማርያም አልፎ ድብኮ በምትባል ጎጥ ምንጭ ሊያሠሩ ነው የመጡት፤ አባቴ አስተርጓሚያቸው ሆነ። ደረታቸው ላይ ጥቁር የስም ሰሌዳ አለ። የባልየው “ኤልደር ሃንሰን”፣ የሚስትየዋ “ሲስተር ሃንሰን” ይላል። እኔ ኤልደር ስማቸው፣ ሲስተር ደግሞ ሥራቸው መሰለኝ። ምን ላድርግ፤ በእኛ አገር ሲስተር ማለት ጤና ጣቢያ ነጭ ጋውን ለብሳ መርፌ የምትወጋ ናት። ፀጉራቸው የነጣ፣ ትልቅ ቦርሳ ያነገቱ ፈረንጅ ሲስተር ከተባሉ ሌላ ምን ይጠየቃል? የድብኮ ሰዎችም እንደ እኔው ነበር ያሰቡት። በሁለተኛው ቀን ዓይኑ የሚያለቅሰው፣ ጉልበቱን የያዘው፣ ልጇን ያዘለችው ሁሉ ከመኪናው አጠገብ ተሰልፎ ጠበቃቸው።

አሁን የማውቀውን ያን ጊዜ የነገረኝ የለም። ሰዎቹ ሞርሞን የሚባለው ቤተ ክርስቲያን ሚስዮናውያን ነበሩ። በእነሱ ዘንድ ለአገልግሎት የወጣ ወንድ ሁሉ፣ የሃያ ዓመት ጎረምሳም ቢሆን፣ ኤልደር ይባላል፤ ሽማግሌ እንደማለት ነው። ሴቷ ደግሞ ሲስተር፣ እህት ናት። የተላኩት ለውኃ ሥራ ብቻ ስለነበር ስለ ሃይማኖታቸው ለማንም ትንፍሽ አይሉም። ሲስተር ሃንሰን ሃያ ሰባት ዓመት የተማሪዎች አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ ሴት ነበሩ። መርፌ ቀርቶ እሾህ ሲነቀል እንኳ ፊታቸውን ያዞራሉ።

እኔን ወደዚያ መኪና ያስገቡኝም እሳቸው ናቸው። በመጀመሪያው ጠዋት አባቴን ሊወስዱ ሲመጡ በራችን ላይ ተቀምጬ አዩኝና ለአባቴ አንድ ነገር አሉት። አባቴ ራሱን ነቀነቀ፤ ጉንፋን ይዟታል አለ፤ መንገዱ አቧራ ነው አለ። ሴትዮዋ ፈገግ ብለው መልሰው ያንኑ አሉት። እናቴ ከውስጥ ሆና ምን እንደሚሉ ጠየቀች።

“ልቤ ይህችን ልጅ ይዘሽ ሂጂ አለኝ ነው የሚሉት” አላት አባቴ።

“እንግዲያው ልባቸው ካላቸው ይውሰዷት፤ እኔም ልረፍበት” አለች እናቴ።

ሹፌራችን የጋሸናው ሳሊሕ ነበር። አሮጌ ላንድክሩዘሩን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚያየው። ጠዋት ጠዋት መቀመጫዎቹን በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላል፤ እኛ በጭቃ እግር ስንገባ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ በአፉ ውስጥ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስል ያጉረመርማል። ከእሱና ከአባቴ ማን የበለጠ እንደተማረረ ዛሬም መፍረድ አልችልም።

የምሬቱ ምክንያት ኤልደር ናቸው። ዝም ብለው ይሄዱና ድንገት እጃቸውን ያነሳሉ። አቁም ማለት ነው። ልባቸው አንድ ነገር ብሏቸዋል። መንገድ ዳር የምናገኘው ሰው ሁሉ ለእሳቸው እግዚአብሔር ያስቀመጠላቸው ሰው ነበር። ፍየል የምትጎትት ባልቴት ካየን እንቆማለን። አባቴ ወርዶ “እናቴ፣ ምን ችግር አለብዎት?” ብሎ ይጠይቃል። ባልቴቷ ችግር የለባቸውም፤ ገበያ እየሄዱ ነው፤ ግን መኪናው ከቆመ አይቀር ይሳፈራሉ። ፍየሏም ትሳፈራለች። ትንሽ ሄደን ደግሞ የታመመ መነኩሴ፣ ትንሽ ሄደን ጣሪያ ቆርቆሮ የተሸከሙ ሁለት ወንድማማቾች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወረዳ ውኃ ጽሕፈት ቤት የተቀጠርንበትን አሥራ አንድ ሰዓት እንደርሳለን። አባቴ ለባለሥልጣኑ ይቅርታ ሲጠይቅ ኤልደር ከኋላው ቆመው በደስታ ያበራሉ።

አንድ ቀን ከመንገዱ በታች ጋቢውን ተከናንቦ አንገቱን ደፍቶ ቁጢጥ ያለ ሰውዬ አዩ። አስቆሙን። ይህ ሰው ከባድ ሸክም አለበት አሉ። አባቴ ወደ ታች ቃኘና “አይ፣ እንለፍ” አለ። ኤልደር እንቢ አሉ። አባቴ እየተሳደበ ወረደ፤ ሰውዬው ከጋቢው ውስጥ ሆኖ የሚለው እስከ መኪናው ይሰማ ነበር። “ሰው ሜዳ ላይ እንኳ በሰላም አይጸዳዳም እንዴ? ምን ሆናችሁ ነው የምታፈጡብኝ?” አባቴ ተመልሶ መጥቶ ሰውዬው ደህና እንደሆነና እንደሚያመሰግናቸው ተረጎመ። ኤልደር መስኮቱን ዝቅ አድርገው እጃቸውን አውለበለቡለት። ሳሊሕ ግንባሩን መሪው ላይ አስደግፎ ለረጅም ጊዜ ቀና አላለም።

እኔ ግን አምኛቸው ነበር። ኤልደር ጆሯቸው ውስጥ ባቄላ የምታክል ነገር ሻጥ ያደርጋሉ፤ ድምፁ በእሷ በኩል ከሰማይ የሚደርሳቸው መሰለኝ። ጧት ሲያወልቋት “ዛሬ አልደወለም” እል ነበር በልቤ። ለመስማት የሚያግዝ መሣሪያ እንደሆነ የነገረችኝ እናቴ ናት፤ እሷንም አላመንኳትም።

ድብኮ ስንደርስ ግን አባቴ ሌላ ሰው ይሆናል። ምንጩ ከመኪና መንገዱ ሥር ነው። ከምንጩ አለፍ ብሎ አንዲት ጎጆ ብቻዋን አለች፤ በአጠገቧ ያለው ቁጥቋጦ ሁልጊዜ የታጠበ ጨርቅ ተሰጥቶበታል። የአባቴ ታናሽ እህት ዓለምእሸት የምትኖርባት ጎጆ ናት። አባቴ በዚያ በኩል ሲያልፍ ወደ ማዶ ያያል።

እትዬ ዓለምን አስታውሳታለሁ። ትምህርት ቤት ለመማር እኛ ጋር ስትኖር ፀጉሬን የምትሠራኝ እሷ ነበረች፤ ቀስ ብላ ነው የምትጎነጉን፣ አያምም። ከዚያ ተዳረች ተብሎ ሠርግ ሆነ፤ ከዚያ ልጇ ሞተባት ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ መጥታ አታውቅም። ሰዎች ስለ እሷ ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “ውኃ አልይዝ ብሏት” ይላሉ። እኔ የውኃ ጀሪካኗ የተቀደደ መሰለኝ። አንድ ጀሪካን መግዛት ያቃተው ሰው እንዴት የለም እያልኩ አዝን ነበር።

አሁን ነገሩን በስሙ ልጥራው። ፌስቱላ ነው። ስምንተኛ ክፍል ሳለች ነው የተዳረችው፤ የዳራት አባቴ ነው። በአሥራ ስድስት ዓመቷ ሦስት ቀን አምጣ የሞተ ልጅ ወለደች። ከዚያ በኋላ ሽንቷን መያዝ አልቻለችም። ባሏ መልሶ ላካት። በምንጩ አጠገብ የሰፈረችው ቀኑን ሙሉ ስትታጠብ ስለምትውል ነው።

ሥራው በተጀመረ በሳምንቱ የውኃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ታፈረ ዛፉ ሥር ሰዎችን ሰበሰቡ። እኔ አባቴ ጉልበት ሥር ተቀምጫለሁ። ስለ ሲሚንቶ፣ ስለ አጥር፣ ስለ ከብት ማጠጫ ተባለ። ከዚያ ጋሽ ታፈረ ጉሮሯቸውን ጠርገው “ምንጩ ሲሠራ እንግዲህ ዓለምእሸት ትነሳለች፤ ተስማምተናል” አሉ። ሰዎቹ ወደ አባቴ አዩ። አባቴ መሬቱን እያየ “እሺ” አለ። ኤልደር ምን ተባለ ብለው ሲጠይቁት ስለ አጥር ነው አላቸው።

እኔ ግን ልቤ በደስታ ዘለለ። ትነሳለች። አስተኝቷት የነበረው በሽታ ሊለቃት ነው፤ ለካስ የታመመችው ከቆሻሻው ምንጭ ነው፤ ለካስ ሲስተርን የምታክል የፈረንጅ ሐኪም የመጣችው ለእሷ ነው። ማንም ሳያየኝ ቁልቁል ሮጥኩ።

እትዬ ዓለም ጎጆዋ በር ላይ ተቀምጣ ጨርቅ ትጨምቅ ነበር። ስታየኝ ልትነሳ ብላ ተመልሳ ተቀመጠች፤ አትጠጊኝ በሚል ዓይነት እጇን ዘረጋች። እኔ ግን ወሬዬ አጣድፎኛል።

“እትዬ ዓለም፣ ትነሻለሽ አሉ” አልኳት።

እጇ ቆመ። “ማን አለ?”

“ጋሽ ታፈረ። ምንጩ ሲያልቅ ትነሳለች አሉ።”

“አባትሽስ?”

“እሺ አለ። ሲስተርም መጥታለች።”

ሰውነቷ ሲንቀጠቀጥ አየሁና የደስታ ነው ብዬ አብሬያት ሳቅኩ። ይህን ሳቅ ለብዙ ዓመት ከጆሮዬ ላወጣው አልቻልኩም። ከዚያ ተነስታ ገባች፤ ቀሚሷን ቀየረች፤ የታጠበ ነጠላዋን ለበሰች፤ በአራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ዳገቱን ወደ ሰው ወጣች። እኔ ከፊቷ ከፊቷ እዘላለሁ።

ሰዎቹ ሲያዩዋት እንደ ውኃ ለሁለት ተከፈሉ። አንዳንዱ ነጠላውን አፍንጫው ላይ አደረገ። እሷ ማንንም አላየችም፤ ቀጥ ብላ ሲስተር ሃንሰን ፊት ቆመች።

“ምንጩን ሥሩ፤ መልካም ነው” አለች። “እኔን ግን የት ልታደርጉኝ ነው? ሽንቴ አልቆም ካለኝ አራት ዓመቴ ነው። ሰው ጋር አልኖር፣ ከውኃ አልርቅ፣ የት ልሂድ? ሐኪም ከሆኑ መድኃኒት ይስጡኝ፤ ካልሆኑ ይህችን ጎጆዬን ይተዉልኝ።”

ሲስተር ወደ አባቴ ዞሩ። አባቴ ላቡን ጠረገና አንድ አጭር ነገር አላቸው። “ሄድ” የሚለውን ቃል ሰማሁት። እሱን አውቀዋለሁ፤ የሰውነት ክፍሎችን ስንማር የመጀመሪያው ነው፤ ራስ ማለት ነው። ራሷን ነው የሚያማት አላቸው።

አባቴ ተሳስቷል ብዬ እጅጌውን ጎተትኩት። ክንዴን ቆነጠጠኝ።

ሲስተር ከቦርሳቸው ሁለት ፍሬ የራስ ምታት ክኒን አውጥተው መዳፏ ላይ አስቀመጡላት። ክኒኖቹን አየቻቸው። ከዚያ ወንድሟን አየችው። “ምን ብለህ ነው የነገርካቸው?” አለች በቀስታ። ኤልደር ብድግ ብለው እጇን ሊጨብጡ ሲሉ ዞራ ወረደች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኤልደር እረፍት ነሱን። በሄድንም በመጣንም ቁጥር ጎጆዋ ጋ ስንደርስ እጃቸውን ያነሳሉ። አባቴ እያንዳንዱን ጊዜ አንድ ምክንያት ያቀርባል። ተኝታለች፤ ገበያ ሄዳለች፤ ባህላችን አይፈቅድም። ኤልደር እጃቸውን መልሰው ጉልበታቸው ላይ ያደርጋሉ፤ ነገር ግን ደስታቸው ጠፋ። በአራተኛው ቀን ጠዋት እንደልማዳቸው እጃቸውን አነሱ፤ አባቴ እንደልማዱ “ዛሬ አይመችም” አለ፤ ሳሊሕ ግን መኪናውን ዳር አስይዞ ሞተሩን አጠፋ። ቁልፉንም ነቅሎ ኪሱ ከተተ።

ወደ ኋላ ዞሮ ሲስተርን ማናገር ጀመረ። የሳሊሕ እንግሊዝኛ በጣት የሚቆጠር ነው። አንዳንዱን ቃል በእንግሊዝኛ፣ አንዳንዱን በእጁ፣ አንዳንዱን በአማርኛ እያደረገ ነው የነገራቸው። ራስ አይደለም። ሕፃን ሞተ። ውኃ፣ ሁልጊዜ ውኃ። የእኔ እህት፣ ጀውሀራ፣ እንደዚህ። ባሕር ዳር፣ ዶክተር፣ አሁን ደህና።

አባቴ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። “ሳሊሕ፣ በማያገባህ አትግባ” አለው በአማርኛ።

“እህትህ ናት” አለ ሳሊሕ። “የሚያገባው አንተን ነበር። አንተ ስትተው ነው እኔ የገባሁበት።”

ሲስተር ሃንሰን አባቴን አዩት። አልተቆጡም። አባቴ በሩን ከፍቶ ወርዶ ወደ ገደሉ በኩል ሄደና ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። እኔ ሽንቱን ሊሸና የሄደ መሰለኝ። ሲቆይ ሲቆይ ብዙ ውኃ ጠጥቶ ነው አልኩ። ዛሬ ሳስበው አባቴን እንደዚያ ቆሞ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁትም።

ኤልደር ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ደረታቸውን በጣታቸው ነኩ፤ ጣታቸውንም ወደ ላይ አሳዩ። አቁም የሚለው ድምፅ ለምን እንደመጣ አሁን ገባኝ ማለታቸው እንደሆነ እኔም አወቅኩ።

“ያቆምኩት እኔ ነኝ” አለ ሳሊሕ። ግን በአማርኛ ነው ያለው፤ የሚተረጉምለት ሰው ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሟል።

አባቴ ሲመለስ አራታችንም አብረን ወደ ጎጆዋ ወረድን። ሳሊሕ መኪናው ጋ ቀረ። እትዬ ዓለም በሯ ላይ ነበረች። አጠገቧ ያለው ድንጋይ እርጥብ ነው፤ ሲስተር ሳያቅማሙ እሱ ላይ ተቀመጡ። ጉልበታቸው ጉልበቷን ነክቷል። ጠጋ ልትልላቸው ብላ ሸሸት አለች፤ እሳቸውም ተከትለው ሸሸት አሉ።

“ዛሬ የምለውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ንገርልኝ” አለችው አባቴን።

“እሺ” አላት።

አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር እየተናገረች ትጠብቀዋለች። ሦስት ቀን እንዳማጠች። በአራተኛው ቀን ሬሳ እንደተገላገለች። ባሏ በበቅሎ ጭኖ እንደመለሳት። እስከዚህ ድረስ አባቴ በተሰበረ ድምፅ ይተረጉማል። ከዚያ “ወንድሜ ቤቱ አላስገባኝም” አለች። አባቴ ይህንን አልተረጎመም። ጠበቀችው።

“ይህንንም ንገራቸው” አለች።

“ብራዘር” የሚለውን ቃል ሰማሁ። አባቴ እያለው በጣቱ የገዛ ደረቱን ነካ።

ሲስተር ባሕር ዳር ሄዶ መታከም እንደሚቻልና መሄድ ትፈልግ እንደሆነ አስጠየቁ። እሷ ግን ተመልሳ የምትገባበት ይኖር እንደሆነ ነበር ማወቅ የፈለገችው። አባቴ ያንን ለሲስተር ሳይተረጉም ራሱ መለሰላት። “የእኔ ቤት አለ።”

“እሱን ስመለስ እናየዋለን” አለችው።

በማግስቱ ሄዱ። ኤልደር ከበላይ ኃላፊያቸው ጋር በስልክ ተጨቃጭቀው፣ ከወረዳው ጋር የነበረውን ቀጠሮ ሰርዘው ነበር። ሳሊሕ ያን ቀንም መቀመጫዎቹን በእርጥብ ጨርቅ ወለወለ። እትዬ ዓለም ላስቲክ ይዛ መጥታ መቀመጫው ላይ ልታነጥፍ ስትል ከእጇ ተቀበላትና የዕቃ መጫኛው ውስጥ ወረወረው። “ወንበር ይታጠባል” አላት፤ ከዚያ ለራሱ “እኔው ነኝ የማጥበው፣ ማን አለና” ብሎ አጉረመረመ።

እኔን ይዘውኝ አልሄዱም። በሳምንቱ አባቴና ሽማግሎቹ ያለ እሷ ሲመለሱ አለቀስኩ። ድብኮ አብሬያቸው ስሄድ ደግሞ የጎጆዋ እንጨት ተፈትቶ ተከምሮ አገኘሁት። ጋሽ ታፈረ ለአጥሩ እንዲሆን እያስመረጡ ነበር። ትነሳለች ማለት ምን ማለት እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። የነገርኳትም ምን እንደነበር። አባቴ ትመለሳለች ቢለኝም፣ ይህ ሰው ትርጉሙ የማይታመን ነው ብዬ አላመንኩትም።

አባቴ ግን እውነቱን ነበር። በፋሲካ ሰሞን ጋሸና ወስዶኝ አየኋት። ድናለች። ወደ እኛ ቤት አልመጣችም፤ አልመጣምም አለች። የሳሊሕ እህት ጀውሀራ የምግብ ቤት ነበራት፤ እዚያ ገብታ መሥራት ጀመረች። እኛ ስንደርስ ጨርቅ በለበሰ ወንበር ላይ እግሯን አነባብራ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። አባቴ በቆመበት “አንቺ ራስሽስ እንዴት ነሽ?” አላት፤ ደህና ነሽ ወይ ማለቱ ነው። ቢላዋዋን አስቀምጣ አየችውና እስክትታፈን ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

አሁን እኔም አስጎብኚ ነኝ። እንግዳ ከጦርነቱ ወዲህ እየመጣም እየጠፋም ነው፤ ሲመጣ ግን ቋንቋው ከአፌ አይጠፋም። ባለፈው መጋቢት የሃንሰኖች ልጅ በኢሜይል አገኘችኝ። አባቷ ማረፋቸውን፣ ሲስተር በሕይወት እንዳሉ ነግራኝ ከኤልደር ማስታወሻ ስለዚያ ቀን የተጻፈ ሁለት ገጽ አብራ ላከችልኝ። በእናቴ ስም እጠይቅሻለሁ፣ ሴትዮዋ እንዴት ሆነች? ትላለች።

ገጾቹን አንብቤ ብቻዬን ተቃጠልኩ። ኤልደር መንፈስ አቁም እንዳላቸው፣ በአራተኛው ቀን መኪናው በድንገት እንደቆመ፣ እግዚአብሔር ወደ አንዲት ምስኪን እህት በር እንደመራቸው ጽፈዋል። መኪናው ቆመ ይላል። በራሱ። የሳሊሕ ስም የለም፤ “ሹፌሩ” እንኳ አይልም። አባቴ ግን አለ። “ታማኙ አስተርጓሚያችን ደግሰው” ይላል።

አባቴ ስለዚያ ነገር አውርቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ ደፍሬ ስጠይቀው “የቃሉ እንግሊዝኛ ጠፍቶኝ ነው” አለኝ። ዕድሜው ሄዷል፤ ተውኩት። ለፈረንጇ ግን አልተውም ብዬ ሁለት ገጽ መልስ ጻፍኩ። ማን እንዳቆመ፣ ማን እንደዋሸ፣ መንፈስ የሚባለው የጋሸና ሰው እንደሆነና ቁልፉን ኪሱ እንደከተተ። ከመላኬ በፊት ግን ባለቤቶቹ ይስሙት ብዬ ወደ ጋሸና ሄድኩ።

እትዬ ዓለም አሁን የጀውሀራ ሸሪክ ናት፤ ምግብ ቤቱ የከባድ መኪና ሹፌሮች የሚሰለፉበት ሆኗል። ሳሊሕ ማዶ ጎሚስታ አለው፤ መኪናው በጦርነቱ ጊዜ ጠፍታበታለች። ምሳውን እሷ ጋ ነው የሚበላው። ሁለቱን አስቀምጬ የኤልደርን ገጾች ቃል በቃል ተረጎምኩላቸው። ታማኙ አስተርጓሚያችን የሚለው ጋ ስደርስ ቀና ብዬ እትዬ ዓለምን አየኋት። ቀጥይ አለችኝ። ከዚያ የራሴን መልስ አነበብኩ።

ሳሊሕ ጎማ ያጠቆረው እጁን እያየ አዳመጠኝ። ደስ ይለዋል ብዬ ጠብቄ ነበር።

“ይህንን አትላኪው” አለኝ።

ለምን አልኩት። “ከእነሱ በፊት በዚያ መንገድ ሦስት ዓመት በአይሱዙ አሸዋ አመላልሻለሁ” አለ። “ጎጆዋን አያለሁ። ቁጥቋጦው ላይ ያለውን ጨርቅ አያለሁ። የጀውሀራን ያየሁ ሰው ነኝ፤ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። አንድም ቀን አቁሜ አላውቅም፤ የሰው ገመና ነው፣ ምን አገባኝ እላለሁ። ያ ሽማግሌ ለፍየሉም ለመነኩሴውም አቁም፣ አቁም እያለ ሁለት ሳምንት ሲያማርረኝ ነው እግሬ ፍሬን መርገጥ የለመደው። የጻፈውን አትንኪበት።”

እትዬ ዓለም ይህንን ከዚያ በፊት ሰምታው እንደሆነ አላውቅም። እሱን አላየችውም። ገበታው ላይ የወደቀ ፍርፋሪ በእጇ እየጠራረገች፣ የአባቴንም ነገር ተዪው አለችኝ፤ ሰውዬው ታማኝ ብለው ካመኑት ይሁን፣ በሁለተኛው ጊዜ እኮ ሁሉንም ነግሯል።

“ታዲያ ምን ልጻፍላቸው?” አልኳት። ተናድጄ ነበር፤ ሁለቱም አናደዱኝ።

“ደህና ናት በያቸው። ሴትዮዋ ሐኪም እንዳልሆኑ ክኒኑን ሲሰጡኝ አውቄ ነበር በያቸው፤ የሄድኩት አጠገቤ ስለተቀመጡ ነው።” ከዚያ ጨመረች። “አራት ዓመት እንደጠበቅኩም ጻፊ። የሚቆም ሰው ካለ ቶሎ ይቁም።”

እዚያው ገበታው ላይ፣ እንዳለችኝ ጽፌ ላክሁት።